ማርኪ ደ ሉቭዋ፡ የፈረንሳይን ሬጅመንቶች በመዝገብ የመሩ ሚኒስትር

የቀድሞ ዘመን ጦርነቶችን በኮምፒዩተር መልሶ መዋጋት በብዙ አገሮች የተለመደ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። በተለያዩ አህጉራት የሚኖሩ ተጫዋቾች በኢንተርኔት እየተገናኙ ጦር ያሰልፋሉ፣ ከተማ ይከባሉ፣ ድልና ሽንፈት ይካፈላሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ የጦር ክፍሎች መካከል ፒካርዲ፣ ፒየሞን፣ ሻምፓኝና ናቫር የተባሉት የጥንት የፈረንሳይ እግረኛ ሬጅመንቶች ይገኙበታል። በጨዋታው ላይ አንድ ሻለቃ ስድስት መቶ ሰው አለው ከተባለ ስድስት መቶው ሁሉ በሰልፉ ላይ ይገኛል፤ ዳቦ አይጎድልበትም፣ ደመወዙም አይዘገይም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው እውነተኛው የፈረንሳይ ጦር ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነበር። በወረቀት የሰፈረው ቁጥር በሜዳ ላይ ከሚገኘው ሰው ጋር እንዲቀራረብ በማድረግ ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የተወጡት በጦር ሜዳ ጀግንነት ስም ያተረፉ ጄኔራል አልነበሩም። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ ያሳለፉ የመንግሥት ሹም ነበሩ።

ፍራንሷ-ሚሼል ለ ቴሊዬ፣ በማዕረግ ስማቸው ማርኪ ደ ሉቭዋ፣ እ.ኤ.አ በ1641 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ሚሼል ለ ቴሊዬ ከ1643 ጀምሮ የጦር ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ፣ የተረጋጉና አስተዋይ ሹም ነበሩ። ልጃቸው በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ትምህርታቸውን ሲከታተሉ ከቆዩ በኋላ ገና በ14 ዓመት ዕድሜያቸው፣ በ1655፣ የአባታቸውን ሥልጣን እንዲወርሱ የሚያስችላቸውን የንጉሥ ፈቃድ አገኙ። በዘመኑ በፈረንሳይ ከፍተኛ የመንግሥት ሹመት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። የሚያስገርመው በዚህ መንገድ የተገኘው ሹም ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሆኖ መገኘቱ ነው።

ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አገሪቱን በራሳቸው ማስተዳደር የጀመሩት በ1661 ነበር። በተከታዩ ዓመት ወጣቱ ሉቭዋ ከአባታቸው ጋር በመሆን የሚኒስትርነቱን ሥራ እንዲያከናውኑ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት አን ደ ሱቭሬ የተባሉትን ባለጸጋ መኳንንት አገቡ። አባትና ልጅ ለ15 ዓመታት ያህል አንዱን መሥሪያ ቤት በጋራ ከመሩ በኋላ በ1677 አባትየው ቻንስለር ሆነው ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ በልጁ እጅ ገባ። በመሆኑም በሉቭዋ ስም ከሚጠሩት ማሻሻያዎች ብዙዎቹ መሠረታቸው የተጣለው በአባታቸው ዘመን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሉቭዋ የተረከቡት ጦር የንጉሡ ጦር ይባል እንጂ አብዛኛው ክፍል በተግባር የመኮንኖቹ ንብረት ነበር። ኮሎኔል ሬጅመንቱን፣ ሻምበልም የሚያዝዘውን የሻምበል ጦር በገንዘብ ይገዛል። ወታደር የሚመለምለው፣ የሚያለብሰውና የሚያስታጥቀው ሻምበሉ ራሱ ሲሆን የመንግሥት ግምጃ ቤት ደግሞ በሰው ቁጥር ልክ ይከፍለዋል። አንድ ሻምበል ሃምሳ ሰው እንዳለው አስመዝግቦ ሠላሳ ብቻ ቢይዝ የሃያው ሰው ደመወዝ በኪሱ ይቀራል። የቆጠራው ቀን ሲደርስ አሽከሮቹን፣ የከተማውን ሥራ ፈቶች ወይም ከጎረቤት ሻምበል የተዋሳቸውን ወታደሮች ጠመንጃ አስይዞ ያሰልፋል፤ ቆጣሪው ሹም ሲሄድ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ለአንድ ቀን ብቻ ወታደር የሚሆኑት እነዚህ ሰዎች በፈረንሳይኛ የራሳቸው መጠሪያ ስም የነበራቸው መሆኑ ማጭበርበሩ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበረ ያሳያል። ንጉሡ ያልኖሩ ሰዎችን ይመግቡ ነበር፤ የከፋው ደግሞ ጄኔራሎቹ ያልኖሩ ሰዎችን ተማምነው ወደ ጦርነት ይገቡ ነበር።

ሉቭዋ ይህን ችግር ለመፍታት የመረጡት መንገድ ዘገምተኛና አሰልቺ ነበር። የጦር ኮሚሳር የሚባሉት የቁጥጥር ሹሞች በየጦር ሰፈሩ እየተዘዋወሩ ወታደሩን አንድ በአንድ እንዲቆጥሩ፣ መዝገቡንም በቀጥታ ወደ ሚኒስቴሩ እንዲልኩ ተደረገ። ኮሚሳሮቹ ራሳቸው ከሻምበሎቹ ጋር እንዳይመሳጠሩ ሲባል ደግሞ ከበላያቸው ተቆጣጣሪዎች ተመደቡ። በሐሰት የተሰለፈ ሰው የሚደርስበት ቅጣት ከግርፋት ተነስቶ እየከበደ ሄደና አፍንጫ እስከ መቁረጥ ደረሰ፤ ሻምበሉም ከማዕረጉ ይሻራል። ማጭበርበሩን ያጋለጠ ወታደር በአንጻሩ ከውትድርና ነጻ የመሰናበት መብትና የገንዘብ ሽልማት ያገኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ውጤት ያስገኘው ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ሳይሆን አይቀርም፤ አለቃው ከሚፈራቸው ሰዎች መካከል የገዛ ወታደሩ እንዲሆን አድርጓልና።

የማዕረግ ሽያጩን ግን ማጥፋት አልቻሉም። ሽያጩን ለማስቀረት ለባለማዕረጎቹ ሁሉ ገንዘባቸውን መመለስ ያስፈልግ ስለነበር ግምጃ ቤቱ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ በሌላ መንገድ ዞሩት። በሻምበልና በኮሎኔል መካከል ያሉት የሻለቃና የሌተና ኮሎኔል ማዕረጎች በገንዘብ የማይሸጡ ሆነው እንዲቆዩ በማድረጋቸው ገንዘብ የሌለው ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ መኮንን በእነዚህ ደረጃዎች በኩል ወደ ላይ የሚያድግበት በር ተከፈተ። ኮሎኔሉ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሲሽሞነሞን ሬጅመንቱን በዕለት ተዕለት ሥራ የሚመራው ብዙ ጊዜ ይህ ሌተና ኮሎኔል ነበር።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ዣን ማርቲኔ ናቸው። በ1663 የተቋቋመው የንጉሡ ሬጅመንት ኮሎኔል ሉዊ 14ኛ ራሳቸው ስለነበሩ ትክክለኛው አዛዥ ሌተና ኮሎኔሉ ማርቲኔ ሆኑ። ሬጅመንቱን እጅግ ጥብቅ በሆነ ሥልጠና ለሌሎቹ አርአያ ካደረጉት በኋላ የእግረኛ ጦር ዋና ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ፤ ከሬጅመንት ወደ ሬጅመንት እየዞሩም ሰልፉን፣ ልብሱን፣ መሣሪያውን ይመረምሩ ጀመር። የእጅ ቦምብ የሚወረውሩ ልዩ ወታደሮች በየሻምበሉ መመደብ የጀመሩትም በ1667 በዚሁ ሬጅመንት ነው። ማርቲኔ በ1672 በሆላንድ ዘመቻ ላይ ከራሳቸው ወገን በተተኮሰ መድፍ ተገደሉ። ስማቸው ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ገብቶ ከመጠን በላይ ሥርዓት የሚያጠብቅ አለቃ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

በጄኔራሎቹ መካከል የነበረው ሽኩቻም ሌላው ራስ ምታት ነበር። ታላላቆቹ መኳንንት ማን በማን ሥር ይታዘዛል በሚል ክርክር ዘመቻ እስከማደናቀፍ ይደርሱ ነበር። ታዋቂው ማርሻል ቱሬን በሐምሌ ወር 1675 በመድፍ ጥይት ሲገደሉ ንጉሡ በአንድ ጊዜ ስምንት ማርሻሎችን ሾሙ፤ ወዲያውም በማርሻሎቹ መካከል የበላይነቱ በሹመት ቅደም ተከተል እንዲወሰን የሚደነግግ ትእዛዝ ወጣ። ከዚያ በኋላ በዘር ሐረግ መመካት በማዕረግ ዝርዝር ላይ ያለውን ተራ አይለውጥም ነበር። መኳንንቱ በዚህ ምክንያት ሉቭዋን አጥብቀው ጠሏቸው። የቆይታ ጊዜ ብቻውን ችሎታን አይለካምና የተቺዎቹ ነቀፋ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም።

ሬጅመንቶቹም በበኩላቸው እንደ ጌቶቻቸው ስለ ክብር ይጣሉ ነበር። ጥንታዊ የሚባሉት ስድስቱ ሬጅመንቶች ፒካርዲ፣ ፒየሞን፣ ሻምፓኝ፣ ናቫር፣ ኖርማንዲና ላ ማሪን ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ ትውልዳቸውን እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይቆጥራሉ። በሰልፍ ላይ የክብሩን ቦታ የሚይዘው፣ ወደ ተሰበረው ቅጥር ቀድሞ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ የዕድሜ ተራ ነበር። ሉቭዋ ብዙ ነገር ቢለውጡም ይህን አልነኩትም። ወታደሩ በቀን ጥቂት ሳንቲም ተከፍሎት በእሳት ፊት የሚቆመው በከፊል ስለ ሬጅመንቱ ስም ሲል መሆኑን የተረዱ ይመስላል።

የሉቭዋ ችሎታ በጉልህ የታየው በስንቅ ዝግጅት ነው። በዘመኑ አንድ ጦር ዘመቻ የሚጀምረው ሣር ሲበቅል ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፈረስ ያለ መኖ አይንቀሳቀስምና ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም ወገን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሉቭዋ በድንበር ከተሞች እህልና ድርቆሽ የሚከማችባቸውን መጋዘኖች አስፋፉ። በ1672 በሆላንድ ላይ ለተከፈተው ዘመቻ 120 ሺህ ያህል ሰው ሲንቀሳቀስ በራይን ወንዝ አካባቢ በኮሎኝ ግዛት ውስጥ ስንቁ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በ1678 ደግሞ ጠላት ገና በክረምት ሰፈሩ እያለ የፈረንሳይ ጦር በመጋቢት ወር ጌንት ከተማ ደጃፍ ላይ ደርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዛት። ፈረሶቹ የበሉት ባለፈው በጋ ታጭዶ የተከመረውን ድርቆሽ ነበር።

ይሁንና ጦርን መመገብ የሚችል ሹም ሰላምን መደራደር ይችላል ማለት አይደለም። በ1672 ሆላንዳውያን ሰፊ ግዛትና ገንዘብ ሰጥተው ለመታረቅ ቢጠይቁም ከሉቭዋ ጋር የተማከሩት ንጉሥ እጅግ ከባድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ሆላንዳውያን ግድቦቻቸውን ከፍተው አገራቸውን በውኃ ስላጥለቀለቁ የፈረንሳይ ጦር ወደ አምስተርዳም መዝለቅ ሳይችል ቀረ፤ በጥቂት ወራት ያልቃል የተባለው ጦርነትም እስከ 1678 ተራዘመ። በዚያ ዓመት በመዝገብ ላይ የሰፈረው የፈረንሳይ ሠራዊት ቁጥር 280 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ዛሬም በዓይን የሚታየው በፓሪስ የሚገኘው አንቫሊድ የተባለው የጦር ጉዳተኞች መኖሪያ ነው። ቀደም ሲል አካላቸው የጎደለ ወታደሮች በየገዳማቱ እንዲጠለሉ ይደረግ ነበር፤ መነኮሳቱ በእነርሱ፣ እነርሱም በመነኮሳቱ ይማረሩ ስለነበር ብዙዎቹ ወጥተው በየመንገዱ ይለምኑ ነበር። ንጉሡ በ1670 ይህ ቤት እንዲሠራ ሲያዝዙ አፈጻጸሙ ለሉቭዋ ተሰጠ። ወጪው የተሸፈነው ከጦር በጀት ከሚከፈለው ከእያንዳንዱ ሊቭር ላይ ሁለት ዴንዬ በመቀነስ ሲሆን አንድ ሊቭር 240 ዴንዬ ነበር። ከመቶ አንድ እንኳን በማይሞላ ተቀናሽ በአውሮፓ ከታዩት ታላላቅ ሕንጻዎች አንዱ ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ጉዳተኞች በ1674 ገቡ፤ ሥራ መሥራት የሚችሉትም በግቢው ውስጥ በተከፈቱት አውደ ጥናቶች ጫማና ልብስ ይሠሩ ጀመር።

ሉቭዋ ከ1668 ጀምሮ የፖስታ የበላይ ኃላፊ፣ በ1683 ኮልቤር ሲሞቱ ደግሞ የንጉሡ ሕንጻዎች ኃላፊ ሆነዋል። ከኮልቤር ጋር የነበራቸው ፉክክር የታወቀ ነበር። በባሕርይም ሻካራና ቁጡ፣ በሥራ ላይ ደግሞ የማይደክሙ ሰው እንደነበሩ ወዳጅም ጠላትም ይስማማሉ። ሥልጣናቸው እየሰፋ ሲሄድ ግን ቀደም ሲል ለወታደሩ ኑሮ ይታይ የነበረው ጥንቃቄ እየሳሳ መጣ። በ1685 የኤር ወንዝን ውኃ ወደ ቬርሳይ የአትክልት ሥፍራ ለማምጣት ከ20 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች የቦይ ቁፋሮ ላይ ተሰማሩ። በረግረጉ መካከል ትኩሳት ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ። በ1688 ጦርነት ሲነሳ ሥራው ተቋረጠ፤ በማንትኖን የተጀመረው ግዙፍ የውኃ ማስተላለፊያ ድልድይም እንደ ተጀመረ ቀረ። በመዝገብ ላይ ያልነበሩ ሰዎችን ለማስወገድ ሃያ ዓመት የደከሙት ሚኒስትር በእውነት የነበሩትን ለፏፏቴ ሲሉ አጡ።

ከዚህ የከፋው በፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ላይ የተፈጸመው በደል ነው። በ1681 በፗቱ አውራጃ የተጀመረው ዘዴ ድራጎን የተባሉትን ወታደሮች በፕሮቴስታንቶች ቤት ውስጥ በምሪት ማስፈር ነበር። ወታደሮቹ ቤተሰቡ እምነቱን እስኪለውጥ ድረስ ንብረቱን እየበሉ፣ እያስፈራሩና እየደበደቡ ይቆዩ ነበር። አሠራሩ በሉቭዋ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ የሚመራ ሲሆን በ1685 ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ለፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ነጻነት ይሰጥ የነበረው የናንት አዋጅ ተሻረ። የሻረውን አዋጅ ካተሙት መካከል የሉቭዋ አባት ቻንስለር ለ ቴሊዬ ይገኙበታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አረፉ።

የዚህ እርምጃ ዋጋ በጦሩ ውስጥም ታየ። ታላቁ የምሽግ መሐንዲስ ቮባን፣ የሉቭዋ የቅርብ የሥራ ባልደረባ የነበሩት፣ በ1689 ለሚኒስትሩ ባቀረቡት ማስታወሻ ከ80 እስከ 100 ሺህ የሚሆን ሕዝብ አገር ጥሎ መውጣቱን፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ500 እስከ 600 መኮንኖችና ከ10 እስከ 12 ሺህ ወታደሮች እንደሚገኙበት ገልጸው አዋጁ እንዲሻርና ስደተኞቹ እንዲመለሱ ጠየቁ። የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች የስደተኛውን ቁጥር በእጥፍ ያህል ከፍ ያደርጉታል። ሉቭዋ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። በቀጣዩ ዓመት በአየርላንድ በቦይን ወንዝ በተደረገው ውጊያ ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች በሬጅመንት ተደራጅተው ከእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም ጎን ቆመው ተዋጉ። የቀድሞው የፈረንሳይ ማርሻል ሾምበርግም በዚያ ውጊያ ላይ ከእነርሱው ወገን ሆነው ወደቁ።

በተመሳሳይ ጊዜ በራይን ወንዝ ዳር ሌላ ጥፋት ይፈጸም ነበር። የፈረንሳይ ጦር በ1688 የፓላቲኔትን ግዛት ከያዘ በኋላ የጀርመን መሳፍንት ጦር እንዳይሰፍርበት በሚል አገሩን ባዶ ለማድረግ ተወሰነ። በ1689 ሃይደልበርግና ማንሃይም፣ ቀጥሎም ሽፓየርና ቮርምስ በእሳት ጋዩ፤ ነዋሪዎቹ ንብረታቸውን ይዘው እንዲወጡ ቀን ተቆረጠላቸው። የሽፓየር ጥንታዊ ካቴድራልም ከእሳቱ አላመለጠም። በስፍራው የነበሩት አዛዥ ማርሻል ዱራስ ሳይቀሩ ይህ ድርጊት የንጉሡን ስም በአውሮፓ ፊት እንደሚያጎድፍ ለሚኒስትሩ ጽፈው ነበር። ትእዛዙ አልተቀየረም። ከጠረጴዛ ላይ በካርታ ሲታይ ተገቢ የመሰለው ስሌት የጀርመን መሳፍንትን ከማዳከም ይልቅ ይበልጥ አስተባበራቸው።

ፈረንሳይ አሁን ብቻዋን ብዙ ጠላቶችን መቋቋም ነበረባት። ሉቭዋ በ1688 መጨረሻ ላይ አድባራት በየድርሻቸው ሰው የሚያዋጡበትን የንጉሡን ሚሊሻ አቋቋሙ፤ 25 ሺህ ያህል ሰው በ30 ሬጅመንቶች ተደራጀ። የሠራዊቱም ቁጥር በወረቀት ላይ ወደ 400 ሺህ እያሻቀበ ሄደ። በ1691 የጸደይ ወራት የሞንስ ከተማ ከበባ በንጉሡ ፊት ሲካሄድ መጋዘኖቹ እንደ ቀድሞው ሞልተው ነበርና ከተማዋ በሚያዝያ ወር እጇን ሰጠች። የሚኒስትሩ የመጨረሻ ስኬት ይኸው ሆነ።

ጁላይ 16 ቀን 1691 ሉቭዋ በቬርሳይ ከንጉሡ ጋር ሲሠሩ ድንገት አመማቸው። ወደ ክፍላቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በ50 ዓመታቸው አረፉ። በንጉሡ ዘንድ የነበራቸው ተሰሚነት አስቀድሞ እየቀነሰ መጥቶ ስለነበር ተመርዘዋል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ለወሬው ማስረጃ አልተገኘለትም። ሥልጣኑ ለ23 ዓመቱ ልጃቸው ለባርብዝዩ ተላለፈ።

ያቋቋሟቸው ነገሮች ዕጣ የተለያየ ሆነ። እሳቸው ያልነኳቸውን የሬጅመንት ስሞች አብዮቱ በ1791 በቁጥር ተካቸው። ያም ሆኖ በሳርቡር የሚገኘው የፈረንሳይ 1ኛ እግረኛ ሬጅመንት እስከ ዛሬ ትውልዱን ከፒካርዲ ይቆጥራል። አንቫሊድ አሁንም የጦር ጉዳተኞችን ይንከባከባል። በ1688 ያቋቋሙት የጦር ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሰነዶችም በቫንሴን ተጠብቀው የሚገኙ ሲሆን፣ የጌንትን ድርቆሽና የፓላቲኔትን ቃጠሎ የሚመለከቱት ደብዳቤዎች በአንድ ዓይነት ጥራዝ፣ በቀን በቀናቸው ተደርድረው ይታያሉ። የሉቭዋ አስከሬን መጀመሪያ በአንቫሊድ ቢያርፍም በ1699 ወደ ካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ፤ የመቃብራቸው ሐውልት ከአብዮቱ በኋላ ከፓሪስ ወጥቶ ቶኔር በተባለችው ትንሽ ከተማ በሚገኘው ጥንታዊ ሆስፒታል ውስጥ ቆሟል።